የጃፓን ሁለተኛ ቁልፍ

"እዚህ ጋ ደግሞ ጎንበስ ብለህ እየው" አለ ጃፓን፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ተንበርክኮ ቆርቆሮውን በመዳፉ እየዳበሰ። "ይኼን እኔ ራሴ ከግቢው በር ምሰሶ ጋር አላትሜው ነው። ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ ግን ከሌላው ጋር አይገጥምም። ፀሐይ ሲያርፍበት ይብስበታል።"

መኪናውን ሊገዛ የመጣው ስልክ ነጋዴ አልጎነበሰም። እጆቹን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

"አባባ፣ የሚሸጡት መኪናውን ነው ወይስ ጉድለቱን?"

"ለየብቻ አይሸጡም" አለ ጃፓን። "ና ደግሞ በዚህ በኩል። የዚህ በር መስኮት ማዞሪያው የሌላ መኪና ነው። ወደ ታች ሲሆን እሺ ይላል፤ ወደ ላይ ሲሆን ግን በእጅ ካልደገፉት አይወጣም። የወንበሩ ስፖንጅ አልቋል። ዳሽቦርዱን ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። ቁልፉም አንድ ነው፤ ሁለተኛው ጠፍቷል።"

ነጋዴው ስልኩን አውጥቶ የተደወለለት መሰለ። ከዚያም "እደውላለሁ" ብሎ በግቢው በር ወጣ። እንደማይደውል ሁለቱም ያውቃሉ።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ይኼን ሁሉ በመስኮቷ አየች። የስፌት ክፍሏ የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ ባሏ መኪናውን የሚያቆመው ከመስኮቷ ስር ስለሆነ አንድም ቃል አላመለጣት። በዚህ ሳምንት ባሏ ያባረረው ገዢ ደግሞ ይኼ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ መጣ፤ ቀጥሎ የልጆቿ ትምህርት ቤት የራቀባት አንዲት እናት መጣች። ሁሉንም በጉድለት ዝርዝር ሸኝቷቸዋል።

"ይኼም ሄደ" አለችው በመስኮቱ።

"ሰው ማታለል አልወድም።"

"ማን አታልል አለህ? ሲጠይቁህ መልስ። አንተ ግን ሳይጠየቅ ነገር ዓለሙን ትዘረግፋለህ።"

"ነገ ተበላሽቶባቸው ከሚረግሙኝስ?"

"ይኼ መኪና ተበላሽቶ አያውቅም ስትል የኖርከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

ጃፓን ጉልበቱን አራግፎ ተነሳ። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ ማየት ጀመረ።

ሰፈሩ በሙሉ ጃፓን ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው መንጃ ፈቃዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስሙ የወጣለት ይኼንኑ ኮሮላ ታክሲ አድርጎ በሚሠራበት ዘመን ነው። ተሳፋሪ ገብቶ በሩን ሳይዘጋ መኪናውን የሠራውን የጃፓን ፋብሪካ ታሪክ ይጀምርለታል፤ መንገዱ አጭር ከሆነም መሐል ላይ ይቆርጥና "የቀረውን ስትመለስ" ይለዋል። ቶዮታ ድሮ መኪና ሠሪ እንዳልነበረ፣ የመሥራቹ አባት የአናጢ ልጅ እንደነበረ፣ እናቱ ሽመና ላይ ስትደክም እያየ አድጎ የሽመና መሣሪያ በማሻሻል ዕድሜውን እንደጨረሰ፣ ልጅየው ደግሞ ከዚያው ከሽመናው ድርጅት ውስጥ ተነስቶ መኪና መሞከር እንደጀመረ ይተርካል። ከሁሉ አስረግጦ የሚናገረው ግን ስለ አንድ ነገር ነው። የአባትየው መሣሪያ አንድ ክር ሲበጠስበት ሰው ሳይነካው ራሱ ይቆማል። "ዝም ብሎ የተበላሸ ጨርቅ አይሠራም" ይላል ጃፓን፣ መሣሪያውን እሱ የፈለሰፈው ይመስል።

ልብስ ሰፊዋ ታሪኩን መጀመሪያ የሰማችው በተሳፋሪነት ነው። መንገዷ ረጅም ስለነበር እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ስትወርድ ሒሳብ አልቀበልም አላት። ያን ቀን የተሳፈረች ዛሬም አልወረደችም እያለ ይቀልድባታል።

ስለዚህ መኪና አስተያየት የሌለው የሰፈር ሰው የለም። መካኒኩ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ መኪና ቢይዝ ኖሮ ጾሜን አድር ነበር ይላል። ጎረቤት ያለው መምህር፣ የዚያው ዓይነት አዲሱን ገዝቶ የሚነዳ፣ ምቾት የሚባል ነገር እንደሌለው አይክድም፤ ግን ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ልቡ አይመታም፣ ይነሳል አይነሳም ብሎ አያስብም። የልብስ ሰፊዋ ወንድም ግን ሌላ ነው። እሱ የያዘው መቀመጫው እንደ ሶፋ የሆነ ዘመናዊ የአውሮፓ መኪና ነው፤ የእህቱን ባል ባየ ቁጥር "መልክ የሌለው ነገር" እያለ ያበሽቀዋል። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ደግሞ ውሰደኝ ብሎ የሚደውለው ለጃፓን ነው።

ስለዚህ ችግሩ መኪናው አልነበረም። ችግሩ የጃፓን አለማየት ነው።

ጨርሶ አያይም ማለት አይደለም። ፊት ለፊት ያለውን ያያል፤ ደህና ብርሃን ካገኘ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ግራና ቀኙ ግን ቀስ በቀስ ጠፍቶበት፣ ዓለምን በቧንቧ እንደሚያይ ሰው ሆኗል። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን፣ መኪና መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር አለው። ጃፓን ቤት ሲገባ ስለ ጠብታው ብቻ ነገራት። ስለ መንዳቱ የሰማችው በሌላ ጊዜ ጠብታው አልቆ አብራው ሐኪም ቤት የሄደች ቀን ነው።

ያን ቀን ቁልፉን መቀማት ነበረባት። አልቀማችም። ታክሲውን እንደሁ ቀደም ብሎ ትቶታል፤ የሚነዳው የእሷን መጋረጃና የደንብ ልብስ ለደንበኞች ለማድረስ ብቻ ነው። መኪናው ከቀረ የእሷም ሥራ ግማሹ መቅረቱ ነው። ደግሞም መሪ ሲይዝ ወገቡ ይቃናል፣ ድምፁ ይወፍራል፤ ከመኪናው ሲወርድ የሚያረጅ ሰው ነው፤ አንጀቷን በላው። ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጣ ዓይን ሆነችው። "ከቀኝ ሳይክል"፣ "ከግራ ሴትዮ፣ አቁም"፣ "እለፍ፣ ማንም የለም" ትለዋለች። እሱም ሁሉንም ሰምቶ ራሱ ያየ ይመስል ያደርገዋል። ሰፈሩ በስተርጅና ፍቅር ያዛቸው አለ። ጎን ለጎን ካልተቀመጡ መኪናው አይነሳም እያለ ሳቀባቸው፤ እነሱም አብረው ሳቁ።

ያለፈው ሳምንት ግን የክር ሳጥኗ ከጭኗ ላይ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ባለችበት ቅጽበት አንዲት ብርቱካን በቅርጫት የተሸከመች ሴት ከጎን ወደ መንገዱ ገባች። ጃፓን ፍሬን የያዘው ሴትየዋ ስትጮህ ነው። መኪናው ቅርጫቱን ነክቶ ቆመ፤ ብርቱካኑ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሁለቱም ወርደው ለቀሙላት። ሴትየዋ አልሰደበችውም። ሰው እንደሚለው ብቻ "ዓይንህን ምን ጋረደው?" አለችው። ልብስ ሰፊዋ ቀና ስትል ባሏ አጠገቡ ያለውን ብርቱካን ትቶ ባዶ አስፋልት ሲዳብስ አየችው። በጣም ፈራች። በዚያው ቀን ቤት ሲደርሱ "እንሽጠው" ያለው እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ገዢ መምጣት፣ ገዢ መሄድ የጀመረው። እሷም መጀመሪያ እውነት ሐቀኝነቱ አስቸግሮት መስሏት ነበር። ትናንት ግን የጃኬቱን አዝራር ልትተክል ስታነሳው በገበሩ ውስጥ፣ ከታችኛው ጥግ፣ አንድ ጠንካራ ነገር እጇ ገባ። ገበሩ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። ስፌቱ ተንሻፎ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ክሩም ለጨርቁ የማይሆን ወፍራም ነው። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። በጨርቁ ላይ ጣቷን ስታሳልፍ የመኪና ቁልፍ ጥርስ ተሰማት። ለገዢ ሁሉ ያለውን ጉድለት የሚዘከዝከው ሰው የሚዋሸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጃኬቱን መልሳ ሰቀለችው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በእግሯ መጣች። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች፣ ፀጉሯን አጥብቃ አስራለች፣ በእጇ ትንሽ የእጅ ባትሪና ጨርቅ ይዛለች።

"የማሽከርከር አሰልጣኝ ነኝ፤ ትንሽ ትምህርት ቤት አለችኝ" አለች። "ለተማሪዎቼ የሚሆን መኪና እፈልጋለሁ። ማየት እችላለሁ፣ ጋሼ?"

"ማየት ትችያለሽ። ግን ቅድሚያ ልንገርሽ፤ እዚህ ጋ ተገጭቷል።"

"አየሁት። በምሰሶ ነው?"

"በምን አወቅሽ?"

"ሁሉም የሚገጨው ምሰሶ ነው። ምሰሶው ነው የሚመጣባቸው።"

ጃፓን ወደ መስኮቱ ማዞሪያ ወሰዳት። አሰልጣኟ አንድ ጊዜ አዙራ፣ በሌላ እጇ መስታወቱን ደግፋ ወደ ላይ አወጣችውና "የኔም እንዲሁ ነው" አለች። ስፖንጁን አሳያት። ተማሪዎቼ ፈርተው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ስለሚቀመጡ ስፖንጅ አያስፈልጋቸውም አለችው። የተሰነጣጠቀውን ዳሽቦርድ አሳያት፤ ጨርቅ ይለብሳል አለች። ጃፓን ዕቃ እንዳለቀበት ነጋዴ ሌላ ጉድለት ፍለጋ ዙሪያውን ማየት ጀመረ።

"ቁልፉ አንድ ብቻ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሁለተኛው ጠፍቷል።"

"ይቀረጻል።"

ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ ውስጥ ሆና ጨርቅ የምታስተካክል መሰለች።

"ከዚህ በፊት ይዘሻል፣ ይኼን መኪና?" አለ ጃፓን።

"ከእሱ ሌላ ይዤ አላውቅም። ተማሪ ማርሹን ያንቋቅቀዋል፣ ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል፣ ሲፈልግ ያጠፋዋል። ሌላ መኪና ቢሆን አኩርፎ ይቀራል። ይኼ ግን ነገ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ውበት ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።"

"ድርጅቱ መጀመሪያ የሽመና ሥራ ላይ እንደነበር ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። እርስዎ ደግሞ መጀመሪያ መኪናቸውን አሜሪካ የወሰዱ ጊዜ ምን እንደደረሰበት ያውቃሉ?"

"እንዴት አላውቅም" አለ ጃፓን፣ ድምፁ ወፍሮ። "በዚያ ሰፊ ጎዳና እንፍጠን ቢሉት አቅም አነሰው። መሸጡን አቁመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።"

"ተመልሰው ደግሞ ሌላ ይዘው መጡ። ተማሪዎቼ ፈተና ሲወድቁ ይኼን ነው የምነግራቸው። እዚያው ቆመው ቢሟገቱ ኖሮ ዛሬ ማን ያውቃቸው ነበር እላቸዋለሁ።"

ጃፓን እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አስከፋው። ልብስ ሰፊዋ ፊቱ ላይ ሁለቱንም አየች።

አሰልጣኟ ሞተሩን አስነስታ አዳመጠች፣ በባትሪዋ ከሥር አየች፣ እጇን በጨርቁ ጠረገች። "አሁን እርስዎ ይንዱልኝ" አለች። "እኔ ከጎን ልቀመጥ። መኪና የሚታወቀው ባለቤቱ ሲነዳው ነው። የት ላይ እንደሚጠነቀቅለት ካየሁ ችግሩ የት እንደሆነ ይገባኛል።"

ጃፓን ወደ ሚስቱ መስኮት ዞረ። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠችና ወጣች።

"እኔም እመጣለሁ" አለች።

"አይቸገሩ እትዬ፤ ቅርብ ደርሰን እንመለሳለን።"

"ያለ እኔ አይነሳም።"

"መኪናው ነው ወይስ ሰውየው?"

"ሁለቱም" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከሹፌሩ በስተኋላ ገብታ ተቀመጠች።

ከኋላ ወንበር ሆና መንገድ አሳይታው አታውቅም። ከዚያ ላይ የምታየው የባሏን ማጅራት፣ የጃኬቱን ኮሌታና ግማሽ መንገድ ነው። አንገቷን በሁለቱ ወንበሮች መሐል አሾልካ ወሬ የምታወራ መሰለች።

"ያችን ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ አየሃት? ልትሻገር ነው መሰለኝ" አለች።

ጃፓን ቀስ አለ። ዣንጥላ የያዘችው ተሻገረች።

"ያ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ደግሞ መሐል መንገድ ገባ። ምን ዓይነቱ ነው?"

ጃፓን ወደ ጎን ያዘለት። አሰልጣኟ ዞር ብላ ልብስ ሰፊዋን አየቻትና እንደገና ወደ ፊት ተመለከተች። ጃፓን የሽመናውን ታሪክ ጀመረ። ሲጨነቅ ታሪኩን እንደሚያፈጥነው ሚስቱ ታውቃለች። አናጢውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው፣ እናትየውን ጭራሽ ዘለላት።

የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲቃረቡ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከፊታቸው በቀኝ በኩል ቆሞ ስለነበር መብራቱን ማየት አልቻለችም። ተጠማዘዘች፣ ተንጠራራች። ወሬ የሚመስል ነገር አልመጣላትም። እጇን በወንበሩ ላይ አሳልፋ የባሏን ትከሻ ጨበጠችው። ቆመ። የጭነት መኪናው ሲነሳ ትከሻውን ለቀቀችው፤ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ወሬውን ተወችው። ከቀኝ ሰው ሲመጣ ቀኝ ትከሻውን፣ ከግራ ሲመጣ ግራውን ነካ ማድረግ ብቻ ሆነ። ተነጋግረውበት አያውቁም፤ ግን ወዲያው ገባው።

ያን ጊዜ ነው የአሰልጣኟን እግር ያየችው። ሴትየዋ ፊቷን ሳትቀይር፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በቀኝ እግሯ ከፊቷ የሌለ ፍሬን እየረገጠች ነበር። የተማሪ መኪና ላይ በአሰልጣኝ በኩልም ፍሬን ይገጠማል፤ እግሯ ለምዶት ነው። የሚገርመው ግን የምትረግጠው ልብስ ሰፊዋ ትከሻውን በምትነካበት ቅጽበት ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ቀደመቻት።

"... እና አንድ ክር ከተበጠሰ" አለ ጃፓን፣ "መሣሪያው ራሱ ይቆማል። ሰው ቆሞ መጠበቅ አያስፈልገውም። የተበላሸ ጨርቅ አይሠራም።"

"ጋሼ" አለች አሰልጣኟ። "እዚያ ዛፉ ሥር ያቁሙልኝ።"

አቆመ። በደንብ አድርጎ፣ ከጠርዙ ጋር አስተካክሎ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። አሰልጣኟ ወደ ኋላ ዞረች።

"እትዬ፣ መንጃ ፈቃድ አለዎት?"

"የለኝም።"

"ከብዙዎቹ ተማሪዎቼ ቀድመው ያያሉ።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ጋለ። እውነት የሚመስል ነገር ፈለገች። ፈሪ ነኝ፣ መኪና ላይ ዝም ማለት አልችልም፣ ልማድ ነው ልትል ነበር፤ ሦስቱም አፏ ላይ ደርሰው ተመለሱ። የባሏን ማጅራት አየችው። ያቺ ብርቱካን የተሸከመች ሴት ትዝ አለቻት። እጇን ከትከሻው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

ጃፓን ትከሻው ላይ የነበረው እጅ እንደተነሳ ተሰምቶታል። ከዚያ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

"የመኪናውን ጉድለት ሁሉ ነግሬሽ ነበር" አለ። "አንድ ቀርቶኛል። ሹፌሩ አያይም።"

"ገብቶኛል።"

"ፊት ለፊት አያለሁ። አንቺን አይሻለሁ፤ ዞር ካልኩልሽ። ጎኑ ነው የጠፋው።"

"ስንት ጊዜ ሆነዎት እንዲህ ሲነዱ?"

"ይኸው እሷ ትመራኛለች።"

"ስንት ጊዜ ሆነዎት ነው ያልኩት፣ ጋሼ።"

"ብዙ" አለ ጃፓን።

አሰልጣኟ አልተቆጣችም፤ ያ ነው ልብስ ሰፊዋን የባሰ ያሳፈራት። ሴትየዋ ወርዳ ዞረችና የሹፌሩን በር ከፈተች። "ይውረዱ፤ እኔ ልንዳው" አለች። ጃፓን ወረደ። የሞተሩን ክዳን በእጁ እየተከተለ በፊት በኩል ዞሮ፣ ሚስቱ በምትቀመጥበት ቦታ ገባ። በገዛ መኪናው በዚያ በኩል ተቀምጦ ስለማያውቅ ቀበቶውን ከተሳሳተ ትከሻው ላይ ይፈልግ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ አቀበለችው።

ሲመለሱ አሰልጣኟ ነዳች። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ሰዎቹም ያው ሰዎች። ከቀኝ አንድ ሳይክል ብቅ ሲል የልብስ ሰፊዋ እጅ ሳታዘው ሄዶ የባሏ ትከሻ ላይ አረፈ። አሰልጣኟ ቀድማ ፍሬን ይዛ ነበር። የምትነግረው ነገር ስለሌላት እጇን ልትመልስ አሰበች፤ ግን እዚያው ተወችው። ጃፓንም አንድም ታሪክ አላወራም።

ግቢው ሲደርሱ ስለ ዋጋው ብዙ አልተከራከሩም። ጃፓን አሰልጣኟ ያለችውን ተቀበለ። ሴትየዋ ግን ወዲያው ለመሄድ አልቸኮለችም፤ በስፌት ክፍሉ ደጃፍ ቆማ፣ ተጣጥፎ የተደራረበውን መጋረጃ አየች።

"ይኼ የሚደርሰው በዚሁ መኪና ነበር?"

"በዚሁ ነበር" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ተማሪዎቼ መንገድ ሲለምዱ ባዶ መኪና ይዘው ነው የሚዞሩት። መጋረጃ ቢጭኑ ምን ይላቸዋል? እኔ አብሬያቸው ነው የምሆነው።"

"ተማሪ?" አለ ጃፓን። "እንግዲህ የደንበኞቿን ምሰሶ እግዜር ይጠብቅ።"

አሰልጣኟ ሳቀች፤ ጃፓንም ትንሽ ሳቀ። ከዛፉ ሥር ጀምሮ ተቋጥሮ የቆየው ፊቱ ለጥቂት ጊዜ ተፈታ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። የጃኬቱን የታችኛውን ጥግ እያየች ነበር። የአሰልጣኟ ትምህርት ቤት ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይደረሳል። ሰው ደግሞ በቀላሉ ይረሳል። ዛሬ የፈራው በሚቀጥለው ወር አይፈራም። አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩን ልስማው ብሎ ይሄዳል፣ ማንም በሌለበት በደበቀው ቁልፍ ከፍቶ ይቀመጥበታል፣ ከተቀመጠ ደግሞ ወገቡ ይቃናል። ይኼ ሁሉ ተራ በተራ ታያት።

ለአሰልጣኟ መንገር ትችላለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ባሏ በሕይወቱ ለገዢ የዋሸው አንድ ውሸት በሰው ፊት ይወጣል። ዝም ማለትም ትችላለች፤ ዝም ማለት ለምዶባታል።

አሰልጣኟ ቁልፉን ተቀብላ ወደ መኪናው ስትራመድ፣ ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ክር መቁረጫ መቀሷን አነሳች።

"ጃኬትህን አውልቅልኝ" አለችው።

"ምን ሆነ?"

"ገበሩ ታች ላይ ክፉ ተሰፍቷል። የኔ ቤት ሰው እንዲህ ያለ ስፌት ለብሶ አይወጣም።"

ጃፓን ወደ ድምጿ ዞረ። ሊያያት ፊቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረበት፤ አዞረና አያት። ከዚያ አንዱን እጅጌ፣ ቀጥሎም ሌላውን አውጥቶ ጃኬቱን ሰጣት።

"ቀስ በይ፤ ጨርቁን እንዳትጎጂው" አለ።

"ስፌትማ ለኔ ተወው።"

ወፍራሙን ክር አንድ ቦታ ላይ በጠሰችው፤ የቀረውን ስትስበው ያለ ምንም ችግር ተፈታ። ቁልፉ መዳፏ ላይ ወደቀ። ከጃኬቱ ሙቀት ወስዶ ሞቋል። አሰልጣኟ የመኪናውን በር ከፍታ መስታወቱን ለቁመቷ እያስተካከለች ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ በጥቂት እርምጃ ወስዳ ልትሰጣት ትችላለች። ግን አልተነሳችም። የባሏን እጅ ስባ ቁልፉን በመዳፉ ውስጥ አኖረችና ጣቶቹን አጠፈችለት። መርፌዋን አንስታ ቀጭን ክር አስገባችና ገበሩን መልሳ መስፋት ጀመረች።

ጃፓን ቁልፉን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሞተሩ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ቀና አላለችም፤ መርፌዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

"ቆዪ፣ ልጄ" ሲል ሰማችው። እጁን ዘርግቶ፣ ቆርቆሮው እስኪነካው ቀስ ብሎ ተራመደ፤ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ።

"ሁለተኛው ቁልፍ ጠፍቷል ብዬሽ ነበር" አላት። "ተገኝቷል።"

አሰልጣኟ ተቀበለችው፤ የት እንደተገኘ ግን አልጠየቀችም።